ለአሮጌው መኪና የትኛው ሞተር?

ሻንሲው ጤነኛ፣ አካሉ ያልተበላ፣ ሞተሩ ግን ያለቀለት መኪና በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ከተሞች በየግቢው ቆሞ ይታያል። አንዱ አባት ለገጠር ሥራ የነዱት ላንድሮቨር ነው፤ ሌላው መምህር ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛው ቮልስ ነው። የወረሰው ልጅ ወይ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይሰጠዋል፣ ወይ ሌላ ሞተር ያስገባለታል። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ለመረጠ ሰው ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ማዳን ከድሮው የበለጠ ትርጉም አግኝቷል።

ሥራው በአሜሪካ ትልቅ ባህል ሆኗል፤ ሆት ሮድ ይሉታል። የካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ ፎርድ በርካሽ ገዝተው፣ የማያስፈልገውን ቆርቆሮ ሁሉ አውልቀው፣ ጉልበታም ሞተር አስገብተው በደረቁ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1932 በርካሽ መኪና ላይ ያወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ለዘመኑ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ሼቭሮሌት 4.3 ሊትር የሆነውን ትንሹን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሲያወጣ ግን የፎርድ አካል የያዙት ሳይቀሩ ወደ እሱ ዞሩ። ሞተሩ ቀላል ነበር፣ ርካሽ ነበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየመኪና መቃብሩ ይገኝ ነበር። መለዋወጫ የሚገኝለትን ሞተር መምረጥ ከዚያ ጀምሮ የሥራው ዋና ሕግ ሆኖ ቆይቷል። በእኛ አገር ያንን ቦታ የያዘው ቶዮታ ነው።

በእኛ በኩል ግን ካሊፎርኒያዎቹ በሐይቅ ሜዳቸው ላይ ያልገጠማቸው ነገር አለ፤ ከፍታ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 84 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ልክ ስለሆነ፣ ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ ከ84 እምብዛም አይበልጥም። ወደ ደብረ ታቦር ሲወጡ ከፍታው 2,700 ሜትር ያህል ይደርስና ሩቡ ጉልበት ይሄዳል። ስለዚህ በካታሎግ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ሞተር የሚገዛ ሰው የሌለ ጉልበት ይገዛል። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ የጠፋውን አብዛኛውን ይመልሳል፤ ተርቦ የሌለው ግን በሊትር ከፍ ማለት አለበት። ካርቡራተር ያለው ቤንዚን ሞተርም ለቆላ ተስተካክሎ ከመጣ እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ፍጆታው ይጨምራል። ነዳጅ የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠበበ መቀየር ትንሽ ወጪ ነው፤ ለውጡ ግን ወዲያው ይታያል።

ከፍታው ውሃውንም አይተወውም። ባሕር ዳር ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። መኪናው ሳይፈላ የሚሄደው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው፤ ስለዚህ ያረጀ ክዳን በቆላ ከሚያደርሰው የባሰ ጉዳት እዚህ ያደርሳል። ሞተር ሲቀየር ራዲያተሩ ለአዲሱ ሞተር የሚበቃ መሆን አለበት። በአባይ በረሃ ከድልድዩ ተነስቶ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት፣ ቆላው እየጋለ፣ በሁለተኛ ማርሽ የወጣ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ሙቀት ሲበዛ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ መፍትሔ ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። ሞተሩ በማለዳ ሳይሞቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ዘይቱ ይበላሻል፣ ፋሻው ይበላል። ችግሩ ካለ ራዲያተሩ ላይ ነውና እሱን ማስጠገን ይሻላል።

ወደ ላንድሮቨሩ እንምጣ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀምሩት ከጦርነቱ በኋላ ብረት ስላጠረ አካሉን ከአልሙኒየም ሠሩት፤ ዛሬም ሳይዝግ የሚቆየው ለዚህ ነው። ሻንሲው ግን ብረት ነው። ሞተር ከመፈለግ በፊት ከመኪናው ሥር ገብቶ ሻንሲውን በመዶሻ እየመቱ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ የበሰበሰ ሻንሲ ላይ ጥሩ ሞተር ማስቀመጥ ገንዘብ ማባከን ነው። የራሱ ሞተር 2,286 ሲሲ ቤንዚን ሲሆን 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። የዋህና ታጋሽ ሞተር ነው፤ ብሎኩ ካልተሰነጠቀና ፒስቶኑ ከተገኘ ማደሱን እመርጣለሁ። ካልሆነ ግን ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በላንድክሩዘር ላይ በሚገኘው 1ኤችዜድ ናፍታ ሞተር ላይ ነው፤ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር። ዝናው እውነት ነው፤ ለዚህ መኪና ግን አይሆንም። ርዝመቱ ከኮፋኖው ሥር ያለውን ቦታ ይጨርሳል፤ ክብደቱ የፊት ባሌስትራውን ያጎብጣል። ጉልበቱም በአሮጌው ላንድሮቨር የታወቀ ድክመት ላይ ይወርዳል፤ ቀድሞ የሚሰበረው ከዲፈረንሻል ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ነው።

የሚስማማው የቶዮታ 3ኤል ነው፤ በሃይሉክስና በሃይኤስ ላይ የሚሠራው 2.8 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር ናፍታ። 90 የፈረስ ጉልበት ያህል አለው፤ መኪናው ይህን ይሸከማል። ፋሻም ሆነ ጓርኒሲዮን የትም ይገኛል፤ ውስጡን የማያውቅ መካኒክም የለም። ሞተሩን ከላንድሮቨሩ ካምቢዮ ጋር የሚያገናኘውን ሳህን ቶርኖ ያለው ባለሙያ ይሠራዋል፤ ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒክ የተከፈተባትና የብረታ ብረት ሙያ ትምህርት የተሰጠባት ከተማ ናትና እንዲህ ያለ እጅ አይጠፋባትም። ሳህኑ ላይ መቻኮል አይገባም። መሃሉ በጥቂቱ እንኳ ከሳተ ፍሪሲዮኑና ኩሽኔታው ደጋግመው ይበላሉ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፍሬኑን ነው። ቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረውን ባዶነት የፍሬኑ ሰርቮ ይጠቀምበታል፤ ናፍታ ሞተር ያንን አይፈጥርም። የቶዮታው ዲናሞ ጀርባ ላይ ለዚሁ የተሠራ ፓምፕ አለ። ሞተሩን ሲገዙ ዲናሞው ከነፓምፑ መኖሩን ማየት ነው፤ አለበለዚያ ሰርቮ ያለው መኪና ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቅበታል። ፍጥነት ለሚያምረው ደግሞ ቀድሜ ልንገረው፤ የላንድሮቨር ዲፈረንሻል 4.7 ለ 1 ነው፣ ለዳገትና ለጭቃ የተሠራ። ሐሙሲትን አልፎ ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ለሚወስድ የገጠር መንገድ ከዚህ የተሻለ አያስፈልግም፤ በአስፋልት ላይ ግን ከሃይሉክስ ጋር መፎካከር አይችልም።

ቮልስ ሌላ ነገር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ስለነበር መኪናው በታሪካችን ውስጥም ገብቷል። ሞተሩ ከኋላ በአራት ቡሎን ብቻ የተያዘ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፤ ውሃ የለውምና አይፈላም። በውሃ የሚቀዘቅዝ የሱባሩ ሞተር ማስገባት በውጭ አገር የተለመደ ቢሆንም እዚህ አልመክርም፤ ፊት ላይ ራዲያተር፣ በሆዱ ሥር ቱቦ ይጨምራል፣ የቮልስን ቀላልነት ይገድላል። 34 ፈረስ ያለውን 1200 በ50 ፈረሱ 1600 መተካት ይበቃል። የፍሪሲዮን ሳህናቸው 180 እና 200 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አብሮ መቀየር አለበት። ከእ.ኤ.አ. 1971 ሞዴል ወዲህ የተሠራ 1600 ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ከዚያ በፊት የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛውን ሲሊንደር አየር እየከለከለ ያስግለው ነበር።

ባሕር ዳር ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው የኤሌክትሪክ ሞተርም ሊታሰብ ይገባል። ከፍታ አይነካውም፣ ከተማዋም ሜዳ ናት። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 የድሮ ቮልስ በኤሌክትሪክ ቀይሮ አሳይቷል፤ 60 ኪሎዋት ሞተር፣ 36.8 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ፣ በአንድ ሙሌት 200 ኪሎ ሜትር። ይህ ለከተማ ይተርፋል፤ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ግን አይበቃም። ገንዘቡን የሚበላው ባትሪው ነው።

ያገለገለ ሞተር ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ሲገዛ ሳይለካ መክፈል አይገባም። የሲሊንደሮቹ ግፊት በመለኪያ ይታይ። የመጽሐፉ ቁጥር ለባሕር ወለል የተጻፈ ስለሆነ እዚህ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ዝቅ ብሎ ቢነበብ አያስደነግጥም፤ የሚያስደነግጠው አንዱ ሲሊንደር ከሌላው ከ10 በመቶ በላይ ሲያንስ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑ ይከፈት፤ ጭስ እየተነፋ ከወጣ ፋሻው አልቋል። የሞተር ቁጥሩ ያልተፋቀ መሆኑንም በእጅ ዳስሶ ማረጋገጥ ያሻል።

ሊብሬ ላይ የሻንሲም የሞተርም ቁጥር ይሰፍራል። ስለዚህ የሞተሩን ደረሰኝና የቀረጥ ሰነድ ሳይቀበሉ ገንዘብ አይስጡ፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊትም ወደ መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ለውጡን ለማስመዝገብ ምን እንደሚጠየቅ ይወቁ።