ባዮጋዝ፦ ከእበት የሚገኘው የማብሰያና የመብራት ኃይል ምን ይሻል?

በአገሪቱ ደጋማ አካባቢዎች እበት ለአርሶ አደሩ ቤተሰብ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። ተጠፍጥፎ ሲደርቅ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ በማሳ ላይ ሲበተን ደግሞ የአፈሩን ለምነት ይጠብቃል። ሆኖም የነደደ ኩበት ወደ ማሳ አይመለስም። የባዮጋዝ ቴክኖሎጂ ዋነኛ ጠቀሜታም ቤተሰቡን ከዚህ ምርጫ ማላቀቁ ነው፤ ጋዙ ለምድጃና ለመብራት ሲውል ዝቃጩ ማዳበሪያ ይሆናል።

ማብላያው ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ ባለጉልላት ጉድጓድ ነው። አየር በማይገባበት በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን እበቱን ሲያብላሉ ከግማሽ በላይ ይዘቱ ሚቴን የሆነ ጋዝ ይፈጠራል። ጋዙ ከጉልላቱ ሥር ሲጠራቀም ዝቃጩን ወደ መውጫው ገንዳ ይገፋዋል። የምድጃው ቧንቧ ሲከፈት ደግሞ ዝቃጩ ተመልሶ ጋዙን ወደ ቤት ይገፋል። ሞተርም ሆነ ፓምፕ አያስፈልገውም።

የሚያስፈልገው የዕለት ምግቡ ነው። አራት ከብት ያለው ቤተሰብ በየቀኑ 20 ኪሎ ግራም ያህል እበት ከተመጣጣኝ ውሃ ጋር በጥብጦ ቢጨምር 800 ሊትር ገደማ ጋዝ ያገኛል፤ ይህም አንድ ምድጃ ለሁለት ሰዓት ያህል ያነዳል። ከብቶቹ ሜዳ ላይ የሚያድሩ ከሆነ ግን እበቱን መሰብሰቡ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ቴክኖሎጂው ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው ማብላያ የተሠራው በ1950 ዓ.ም ገደማ በአምቦ እርሻ ኮሌጅ ነበር። ሰፊ እንቅስቃሴ የተጀመረው ግን ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ሲቋቋም ሲሆን፣ ከኔፓል ተወስዶ ለአገሪቱ እንዲስማማ የተደረገው ንድፍም "ስንዱ" የሚል ስም ተሰጥቶታል። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ ከ2009 እስከ 2013 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል 14 ሺህ ማብላያዎች ለመገንባት አቅዶ ከ8 ሺህ ጥቂት የበለጡትን ሠርቷል።

የተገነባው ሁሉ ግን ይሠራል ማለት አይደለም። አገልግሎት መስጠት ያቆሙት ጥቂት አይደሉም፤ ምክንያታቸውም አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ከብቶቹ ይሸጣሉ፤ የውሃው ምንጭ በበጋ ይደርቃል፤ አንድ ቧንቧ ሲያፈስ መለዋወጫውም ሆነ የሠለጠነ ግንበኛው በቅርብ አይገኝም። ከእነዚህ ሁሉ የሚከፋው የውሃው ጉዳይ ነው። 20 ሊትር ማለት አንድ ጀሪካን ነው፤ ያንን በየዕለቱ የምትሸከመው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤቱ እመቤት ወይም ልጇ ናት። ከጭስና ከማገዶ ለቀማ የምታተርፈው ጊዜ በውሃ ቅጂ ከተበላ ሥራውን የምትቀጥልበት ምክንያት አይኖራትም።

ሌላው እንጀራ ነው። ተራው የባዮጋዝ ምድጃ ወጥ ይሠራል፣ ቡና ያፈላል፤ ሰፊውን ምጣድ እኩል ለማጋል ግን አቅም ያንሰዋል። ከቤተሰቡ የኃይል ፍጆታ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደግሞ እንጀራ መጋገር በመሆኑ፣ ማብላያ ባለበት ግቢም የእንጨት ክምር ማየት የተለመደ ነው።

የወረዳ ሪፖርቶች በአብዛኛው የሚቆጥሩት የተገነቡትን ነው። ሥራ ላይ ያለውን ለማወቅ ግን ወደ ግቢው ገብቶ የመግቢያውን ጉድጓድ መመልከት ይበቃል፤ እበቱ እርጥብ ከሆነ ማብላያው በሥራ ላይ ነው፣ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ግን ምግቡ ከተቋረጠ ሰንብቷል።