ከአክታው ይልቅ ትንፋሹን ቁጠሩ

ጤና ጣቢያ ስሠራ እናቶችና አያቶች ሕፃን ታቅፈው ሲመጡ ብዙ ጊዜ «ደረቱን አክታ ሞላው» ይሉኝ ነበር። አክታ በራሱ ጠላት አይደለም፤ ሳንባ አቧራና ጀርም የሚይዝበት ነው። ሳል ደግሞ ጠርጎ ያስወጣዋል።

ስለዚህ ከደረቱ ድምፅ ይልቅ ትንፋሹን ተመልከቱ። ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ 1 ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ለሆነ 60፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሂዱ።

ትንፋሹ ደህና ከሆነ ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ። 6 ወር ካለፈው ለብ ያለ ውሃ ወይም ሾርባ ጨምሩለት። ማር ከ1 ዓመት በፊት አይሰጥም። ከሰልና ዕጣን ከሚጨስበት ክፍል አርቁት። በፈላ ውሃ እንፋሎት አትጠኑት፤ ያቃጥላል። ቅቤ ማዋጥም ይቅር፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። እንጥል ማስቆረጥ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል እንጂ ሳሉን አያድንም።

አያቶች፣ ቤት ውስጥ የሚሰማው የእናንተ ቃል ነው። ልጃችሁ ተጨንቃ ስትጠይቃችሁ አስቀድማችሁ «እስቲ ትንፋሹን እንቁጠር» በሏት።