ማዮርካ፦ ተራራው በብስክሌት ሲሸጥ

በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በምትገኘው የስፔን ደሴት በማዮርካ መዳረሻው ባሕር ብቻ የሆነ አንድ መንገድ አለ። ሳ ካሎብራ ይባላል። ከተራራው ጫፍ ተነስቶ ሃያ ስድስት ጊዜ ይጠማዘዛል፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ እንደ ከረባት ቋጠሮ በራሱ ሥር ሾልኮ ያልፋል። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ተጉዞ ባሕር ዳር ሲደርስ ያበቃል። በብስክሌት የወረደ ሰው ጀልባ ካልያዘ በስተቀር ያንኑ 670 ሜትር ያህል ዳገት በእግሩ ረግጦ መመለስ አለበት። ለዚህ ድካም ሲል ከጀርመን፣ ከእንግሊዝና ከስዊዘርላንድ ገንዘቡን ከፍሎ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው።

መንገዱን የነደፈው ኢንጂነር አንቶኒዮ ፓሪየቲ ነው። እ.ኤ.አ በ1932 ሲጠናቀቅ ከታች የሚጠብቀው ይህ ነው የሚባል ከተማ አልነበረም፤ ገና ከጅምሩ የታሰበው ለጎብኚ ነው። ዛሬ ማዮርካ ከዚህና ከመሰሎቹ መንገዶች የምትጠብቀው ከዚያ የበለጠ ነው። በፀሐይና በአሸዋ የከበረችው ደሴት በሙቀት ወራት ጎብኚ ያጨናንቃታል፤ በብርድ ወራት ደግሞ የባሕር ዳር ሆቴሎቿ አብዛኞቹ በራቸውን ዘግተው ይከርማሉ። የብስክሌት እንግዳ ሁለቱንም ችግር ያቃልላል የሚል ተስፋ አለ። ተስፋው በሂሳብ ሲፈተሽ ግን ግማሹ ብቻ እውነት ሆኖ ይገኛል።

የባዶ አልጋ ዋጋ

ሆቴል የሚበላሽ ዕቃ ነጋዴ ነው። ቲማቲም ዛሬ ባይሸጥ ነገ በቅናሽ ይሸጣል፤ ዛሬ ሌሊት ያልተከራየ አልጋ ግን ነገ ጨርሶ የለም። የባንክ ዕዳው፣ ኢንሹራንሱና የሕንፃው እርጅና እንግዳ መጣ አልመጣ መቁጠራቸውን አያቆሙም።

ለምሳሌ ያህል መቶ ክፍሎች ያሉት አንድ ሆቴል በዓመት 900 ሺህ ዩሮ ቋሚ ወጪ አለበት እንበል። 180 ሌሊት ብቻ ከፍቶ ሁሉንም ክፍል ቢያከራይ በእያንዳንዱ ክፍል ሌሊት ላይ የሚያርፈው ቋሚ ወጪ 50 ዩሮ ነው። ይኸው ሆቴል ሌላ 90 ሌሊት ጨምሮ ቢከፍትና በነዚያ ሌሊቶች ሰባ ሰባት ሳይሆን ሰባ ክፍል ብቻ ቢያከራይ እንኳ የሚሸጠው ከ18 ሺህ ወደ 24,300 ያድጋል፤ ቋሚ ወጪውም ወደ 37 ዩሮ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው 13 ዩሮ ትርፍ ሊሆን ወይም በቅናሽ መልክ ለገበያው ሊለቀቅ ይችላል።

እነዚያን 90 ሌሊቶች የሚሞላው ማን ነው? በየካቲት ወር ባሕሩ ለዋና ይቀዘቅዛል፤ ፔዳል ለሚረግጥ ሰው ግን አየሩ የተመቸ ነው። በዚያን ጊዜ የሰሜን አውሮፓ መንገድ በበረዶ ተሸፍኗል። የፕሮፌሽናል ብስክሌት ቡድኖች በብርድ ወራት ለልምምድ ወደ ደሴቲቱ መምጣት ከለመዱ ቆይተዋል። ይህን አይቶ ገበያ ከፈጠሩት አንዱ እ.ኤ.አ በ1987 ሞተር ተከትሎ በሚጋለብበት የብስክሌት ውድድር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ስዊዘርላንዳዊው ማክስ ሁርዘለር ነው። በ1980ዎቹ የጀመረው የብስክሌት ኪራይና የዕረፍት ጉዞ ንግድ ስሙን ይዞ ዘልቋል። ሻምፒዮኖቹ የሠሩበትን መንገድ መሥራት የሚሻ የባንክ ጸሐፊም ሆነ የጥርስ ሐኪም ደንበኛ ሆነ።

ይህ ደንበኛ የሚጠይቀው ልዩ ነው። የመዋኛ ገንዳ ውበት አያጓጓውም። ብስክሌቱ የሚቆለፍበት ክፍል፣ ጎማ የሚያስተካክል መካኒክ፣ ልብስ የሚታጠብበት ቦታ፣ በማለዳ የሚቀርብ ጠንከር ያለ ቁርስና ማታ ፓስታ ይፈልጋል። ሆቴሉ ለዚህ የሚያወጣው አዲስ ክንፍ ከመገንባት ጋር አይወዳደርም። እንግዳው ደግሞ በየቀኑ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጋልብ ገንዘቡን በባሕር ዳር ብቻ አያፈስም፤ ቱሪስት ብዙም በማያያቸው የመሀል አገር መንደሮች አደባባይ ቡናና ኬክ ይገዛል።

ለሠራተኛውም ትርጉም አለው። በስፔን ሕግ ‹ፊሆ ዲስኮንቲኑዎ› የሚባል ቋሚ የወቅት ሠራተኛ አለ፤ ወቅቱ ሲገባ ይጠራል፣ ሲያበቃ በሥራ አጥ ድጎማ ይቆያል። ሆቴሉ በሰኔ ፈንታ በየካቲት ሲከፍት አስተናጋጁም በዚያው ልክ ደመወዙን ቀድሞ ይጀምራል።

ካቡን ማን ይጠግናል?

ብስክሌተኛው የሚወጣበት የትራሙንታና ተራራ በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ከፍተኛው ጫፍ ፑይግ ማዮር ከ1,400 ሜትር በላይ ነው። ኩቤርና ጎርግ ብላው የተባሉት፣ ለዋና ከተማዋ ለፓልማ ውኃ የሚያቀብሉት ግድቦችም በዚሁ ጎዳና ዳር ናቸው።

ተራራው ጥሬ ተፈጥሮ አይደለም። ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተካበ በተሠራ እርከን የተሸነሸነ የወይራ ማሳ ነው፤ የውኃ ቦዮቹ የዓረቦችን ዘመን ያስታውሳሉ። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ በ2011 ሲሆን፣ የአገራችን የኮንሶ እርከን የተመዘገበውም በዚያው ዓመት በዚያው ጉባኤ ነው። የኮንሶን ካብ ያየ ሰው የትራሙንታናን ችግር ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። እርከን በየዓመቱ የሚጠግነው እጅ ካጣ ዝናብ ይንደዋል፤ አፈሩም ተከትሎ ይሄዳል።

ችግሩ የዋጋ ነው። በገደል ላይ ካለ አሮጌ ወይራ በእጅ የሚለቀም ዘይት በሜዳ ላይ በማሽን ከሚለቀመው ጋር በዋጋ አይወዳደርም። ገበሬው ከዘይቱ ብቻ የካብ ሠሪውን ቀን ሊከፍል አይችልም። ካብ ሠሪው በደሴቲቱ ቋንቋ ‹ማርጄ› ይባላል፤ ጥበቡም ከሌሎች አገሮች ጋር በአንድነት እ.ኤ.አ በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ብስክሌተኛው ግን የሚያየው ካቡን ነው፤ የመጣበትን ውበት የሠራው ማርጄ ነው። ለዚያ ውበት በቀጥታ የሚከፍለው የለውም፤ መንገዱ በነጻ ነው። ኢኮኖሚስቶች ውጫዊ ጥቅም የሚሉት ይህ ነው፦ አንዱ ይደክምበታል፣ ሌላው ይደሰትበታል፣ ደረሰኝ ግን የለም።

ደረሰኙን ለመቁረጥ የተሞከረው በግብር ነው። የባሌሪክ ደሴቶች መንግሥት በ2002 የጣለው የመጀመሪያው የቱሪስት ግብር በሆቴል ባለቤቶች ተቃውሞ መካከል በ2003 ተሽሯል። እ.ኤ.አ በሐምሌ 2016 ዘላቂ ቱሪዝምን ለማገዝ በሚል ተመልሶ መጣ፤ ገንዘቡ ለአካባቢ ጥበቃ፣ ለቅርስና ለመሳሰሉት እንዲውል ተወሰነ። በ2018 በእጥፍ ሲያድግ እንደ ማረፊያው ደረጃ በሌሊት ከ1 እስከ 4 ዩሮ ሆነ፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ግን በመቶ 75 ቅናሽ ተደረገለት። በሐምሌ 4 ዩሮ የሚከፍል እንግዳ በየካቲት 1 ዩሮ ይከፍላል ማለት ነው። ግብሩ ገንዘብ ከመሰብሰብ ሌላ ‹በብርድ ወራት ኑ› የሚል መልእክትም አለው።

የነዋሪው ሂሳብ

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ ሲሰነብት ብረት ነው ይባላል። ማዮርካ ሦስተኛው ቀን ላይ ትመስላለች። ወደ 1.2 ሚሊዮን ሕዝብ የሚኖርባቸው የባሌሪክ ደሴቶች በ2024 ብቻ 18.7 ሚሊዮን ያህል ቱሪስት ተቀብለዋል። በዚያው ዓመት በግንቦትና በሐምሌ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ‹ማዮርካ ለሽያጭ አይደለችም› እያሉ በፓልማ ጎዳናዎች ተሰልፈዋል። ምሬታቸው በቤት ኪራይ ላይ ነው። ለጎብኚ በሌሊት የሚከራይ ቤት ለነርስና ለአስተማሪ በወር አይከራይም።

የብስክሌቱ ተስፋ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። የየካቲቱ እንግዳ የሐምሌውን ቢተካ ኖሮ ደሴቲቱ ትተነፍስ ነበር። ነገር ግን አልተካውም፤ በላዩ ተጨመረ። ወቅቱን ማራዘም ለሆቴሉ ቋሚ ወጪ ማካፈያ ሲሆን፣ ለነዋሪው የዕረፍቱን ወራት መቀነሻ ነው። በጠባቡ የተራራ መንገድ ላይ ከብስክሌት መንጋ ኋላ ተሰልፎ ወደ ሥራው የሚሄደው ባለመኪና ይህን በየማለዳው ይቆጥራል። በሚያዝያ መጨረሻ የሚካሄደው፣ ስምንት ሺህ ያህል ሰው የሚሳተፍበትና ‹ማዮርካ 312› የተባለው የ312 ኪሎ ሜትር ግልቢያ ሲደርስማ መንገድ እስከ መዘጋት ይደርሳል።

ሌላው ቀዳዳ ሰማይ ላይ ነው። ብስክሌት ጭስ የለውም፤ ብስክሌተኛውን ያመጣው አውሮፕላን ግን አለው። ለአንድ ሳምንት በርሮ የሚመጣ ሰው በፔዳሉ ያዳነውን በአየር ላይ አስቀድሞ ጨርሶታል። ከባርሴሎና ወይም ከቫሌንሲያ በመርከብ ብስክሌቱን ይዞ የሚመጣና ሁለት ሳምንት የሚቆይ እንግዳ ሂሳቡ የተለየ ነው። ‹ዘላቂ› የሚለው ቃል በማስታወቂያ ወረቀት ላይ ከመታተሙ በፊት መጠየቅ ያለበት በምን መጣ፣ ስንት ቀን ቆየ፣ የት አደረ የሚለው ነው።

መፍትሔ ፍለጋው ግን ቆሞ አይደለም። በሰሜን ጫፍ ወዳለው ወደ ፎርሜንቶር መብራት ቤት በሚወስደው መንገድ በሙቀት ወራት ቀን ቀን የግል መኪና ተከልክሎ አውቶቡስ ይመላለሳል፤ ብስክሌት ግን ይፈቀድለታል። ይህ እርምጃ ከማስታወቂያው የሚለየው አንዱን ሲጨምር ሌላውን በመቀነሱ ነው። በገበያ ቋንቋ ብስክሌቱ ከመኪናው ጋር ተደራቢ መሆኑ ቀርቶ ተተኪ ሆነ።

የማዮርካ ቀሪ የቤት ሥራ ይኸው ነው። የየካቲትን በር ስትከፍት የሐምሌን ገርበብ ማድረግ አለባት፤ ከአልጋው ከሚገኘው ላይም ለካቡ ድርሻ መቁረጥ። ሁለተኛው በግብሩ ተጀምሯል። የመጀመሪያው ከባድ ነው፤ በሐምሌ የሚያተርፈው ሰው ሐምሌን አሳልፎ መስጠት አይፈልግምና። ወደ ሳ ካሎብራ መውረድ ቀላል ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው ሲመለሱ ነው።