በሐርለም የምትገኘው «የሐበሻ» ቤተ ክርስቲያን

በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሐርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ 138ኛው መንገድ ላይ አንዲት ትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለች። ስሟ በእንግሊዝኛው አጠራር «አቢሲንያን ባፕቲስት ቸርች» ነው፤ በአማርኛ «የሐበሻ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን» ብንላት ያስኬዳል። ስሙን የሰማ አገራችን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የኛ ሰዎች ናቸው እንዴ የመሠረቷት?» ብሎ ነው። መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ በዚህ እትም ሰፋ አድርገን ልናየው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

ነገሩ የሚጀምረው በ1808 ነው። በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ ባርነት ገና አልቀረም። በ1799 የወጣው ሕግ ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር እንጂ በአንድ ቀን የሚያጠፋ ስላልነበረ፣ ጨርሶ የቀረው በ1827 ነው። ነፃ የወጣውም ጥቁር ቢሆን ነፃነቱ ከወረቀት እምብዛም አላለፈም። «ፈርስት ባፕቲስት» በምትባለው የከተማይቱ ቤተ ክርስቲያን ነጮቹ ከታች ሲቀመጡ፣ ጥቁሮቹ ተለይተው ሰገነቱ ላይ እንዲቀመጡ ይደረግ ነበር። አንድ ጌታ፣ አንድ ጥምቀት፣ ሁለት ዓይነት መቀመጫ! ጥቂት ጥቁር ምእመናን ይህን አንቀበልም ብለው ጥለው ወጡ።

ታዲያ ማንን አስፈቅደው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ? ማንንም። እዚህ ላይ ባፕቲስት ማለት ምን እንደሆነ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ባፕቲስቶች ግን ሰው ራሱ አምኖ ሲመሰክር ነው ውኃ ውስጥ አጥልቀው የሚያጠምቁት። ሁለተኛው ልዩነት ለታሪካችን ይበልጥ ይጠቅማል፤ ይኸውም ከበላያቸው የሚሾምና የሚሽር ጳጳስ የላቸውም። እያንዳንዱ ጉባኤ ራሱን በራሱ ያስተዳድራል፣ መጋቢውን የሚመርጠውም ራሱ ነው። ስለዚህ ከሰገነቱ የወረዱት ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ቤትና አስተማሪ ብቻ ነበር። አስተማሪው ከቦስተን መጣላቸው። ቶማስ ፖል ይባላል፤ ራሱም ጥቁር ነው። የቦስተን ጥቁር ባፕቲስቶች በ1805 የራሳቸውን ጉባኤ ሲመሠርቱ መሪያቸው እሱ ነበርና ሥራውን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። የቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ታሪክ እንደሚተርከው፣ ጥለው ከወጡት መካከል የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ነበሩበት፤ ስሙም የመጣው ከነሱ አገር ነው። በአገራችን ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው። የጎንደር ነጋሢ በስም ብቻ የተቀመጠበት ወቅት በመሆኑ «በዚያ ዘመን ማን ኒው ዮርክ ደረሰ?» የሚል አይጠፋም። ለእኛ ግን ይበልጥ የሚገርመን ሌላ ነው። በጊዜው ጥቁሮች ለቤተ ክርስቲያንና ለትምህርት ቤት የሚሰጡት ስም አብዛኛውን ጊዜ «አፍሪካ» የሚል ነበር። የቦስተኑ ጉባኤ አፍሪካ ይባላል፤ በ1787 በኒው ዮርክ ለጥቁር ልጆች የተከፈተው ትምህርት ቤትም እንዲሁ። እነዚህ ግን ከአህጉሩ አንድ አገር መርጠው ስሙን ደጃቸው ላይ ጻፉ። መዝሙር 68 ኢትዮጵያን እንደሚጠራ ያውቃሉ፤ አገሪቱ በጥንት የክርስትና አገርነቷ ስሟ የታወቀ ነው። የኢትዮጵያን ስም ለጥቁር ሕዝብ ያኮራው ዓድዋ ነው እንላለን፤ እውነትም ነው። ይህች ቤተ ክርስቲያን ስትሰየም ግን ዓድዋ ገና 88 ዓመት ይቀረው ነበር።

ጉባኤው ከደቡብ ማንሃተን ተነሥቶ ሕዝቡን እየተከተለ ወደ ሰሜን ተጓዘ። መጀመሪያ አንቶኒ መንገድ ላይ ነበር፤ በኋላ ዌቨርሊ ፕሌስ፣ ከዚያም ምዕራብ 40ኛው መንገድ። በ1908 አዳም ክሌይተን ፓወል የሚባሉ መጋቢ ተመረጡ። እሳቸውም ጥቁሩ ሕዝብ ወደ ሐርለም እየጎረፈ መሆኑን አይተው በ1920 እዚያ ቦታ ተገዛ፤ ድንኳን ተተክሎም ስብከት ተጀመረ። ሕንፃው በ1923 ተመረቀ። ከ300 ሺህ ዶላር በላይ የፈጀው ገንዘብ የመጣው ሰው ቤት ሠርተው ከሚያድሩት ሳይቀር ከተሰበሰበ አሥራት ነው።

በ1930 ዲትሪሽ ቦንሆፈር የሚባል የ24 ዓመት ጀርመናዊ ለትምህርት ወደ ኒው ዮርክ መጣ። ዶክትሬቱን ይዞ የመጣ ሰው ነው። ይሁን እንጂ እንደ እኛ የማስተማር ልምምድ ተማሪ እሑድ እሑድ የሐርለም ልጆችን እዚችው ቤተ ክርስቲያን ያስተምር ጀመር። የጥቁሮቹን መዝሙር በሸክላ ይዞ አገሩ ገባ፤ በኋላም የራሱን ተማሪዎች አሰማቸው። ናዚዎች በ1945 ሰቀሉት።

በ1937 የመጋቢው ልጅ፣ ስሙም እንደ አባቱ አዳም ክሌይተን ፓወል፣ ቦታውን ተረከበ። በሐርለም 125ኛው መንገድ ላይ ያሉት ሱቆች ለጥቁር ይሸጣሉ እንጂ ጥቁር አይቀጥሩም ነበር። ፓወል ሕዝቡን አሰልፎ «ካልቀጠራችሁን አንገዛችሁም» አስባለ። በ1941 ደግሞ አውቶቡስ ኩባንያዎቹ ጥቁር ሾፌር አንቀጥርም ስላሉ ሕዝቡ መሳፈሩን ትቶ በእግሩ ሄደ፤ ኩባንያዎቹም ተሸንፈው ሊቀጥሩ ተስማሙ። ይህ እንግዲህ ከታወቀው የሞንትጎመሪ አድማ 14 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው።

በ1945 ፓወል የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆኖ ዋሽንግተን ገባ፤ ከኒው ዮርክ የመጀመሪያው ጥቁር ተመራጭ ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ ምን ጠበቀው? ያው የድሮው የመቀመጫ ጉዳይ! ምግብ ቤቱ ለነጭ ነው። እሱ ግን ጥቁር ሠራተኞቹን አስከትሎ ገብቶ ይበላ ነበር። በ1961 የትምህርትና የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነ። የደሃ ልጆች ለሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ከማዕከላዊው መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው የ1965ቱ ሕግ በዚህ ኮሚቴ በኩል ያለፈ ነው፤ ይህን አንድ የወደፊት መምህር ሊያውቀው ይገባል እንላለን። ሰውየው ግን ነቀፋ የሌለበት አልነበረም። የምክር ቤቱን ገንዘብ ያላግባብ አውጥቷል ተብሎ በ1967 ወንበሩን ተከለከለ። ሐርለም በዚያው ዓመት እንደገና መረጠው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1969 ሕዝብ የመረጠውንና ሕጉ የሚጠይቀውን የሚያሟላ ሰው ምክር ቤቱ አላስቀምጥም ሊል አይችልም ሲል ፈረደ። በ1970 ግን የሐርለም ሕዝብ ራሱ ሌላ ሰው መረጠ።

ከአገራችን ጋር ያለው ግንኙነትስ? ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 ልትወረን ስትዘጋጅ፣ ኢትዮጵያን ለመርዳት የሐርለም ሰዎች ከተሰበሰቡባቸው ቦታዎች አንዷ ይህች ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ እዚያ ሄደው የኢትዮጵያ መስቀል አበረከቱ። የእምነት ሥርዓታቸው ከኛ ኦርቶዶክስ ጋር የማይገናኝ ሆኖ ሳለ ያን መስቀል ምልክታቸው አድርገው ይዘውታል።

ቤተ ክርስቲያኒቱ የመሠረተችው የልማት ድርጅት በ1993 ሐርለም ውስጥ ተርጉድ ማርሻል የተባለውን ትምህርት ቤት ለማቋቋም ረድቷል። በ2007፣ እኛ ሁለተኛውን ሺህ ዓመት ስናከብር፣ ከመቶ የሚበልጡ ምእመናኗ ለ200ኛው ዓመታቸው መዘጋጃ ይሆን ዘንድ ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው፣ ስሟን ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ሲጠሩት የኖሩትን አገር በዓይናቸው አይተው ተመልሰዋል።