የደንበኛ ምስክርነትና የነጋዴ ኃላፊነት

ገበያ የወጣ ሰው፣ ማር ሻጩ «ማሬ ንጹሕ ነው» ብሎ ቢምልለት ብዙም አያምነው። ዕቃን ማመስገን የሻጭ ሥራ ነውና። ነገር ግን አጠገቡ የቆሙ አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ ባለፈው ቅዳሜ ከርሱ ወስጄ ነበር፤ ስኳር የለበትም» ቢሉት ወዲያውኑ ገንዘቡን ያወጣል። ስለ ምን ቢባል፣ እናቲቱ ከሽያጩ የሚያገኙት ጥቅም የለምና ነው። የደንበኛ ታሪክ በንግድ ውስጥ ያለው ኃይል ከዚህ ይመነጫል። ታዲያ እኒያ እናት የሻጩ አክስት ሆነው ቢገኙስ?

ይህን ጥያቄ በሚገባ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ በአሜሪካ አገር አለ። በማሳቹሴትስ ግዛት በሊን ከተማ ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ ሊዲያ ፒንክሃም፣ እ.ኤ.አ. በ1873 በደረሰው የገንዘብ ቀውስ ባለቤታቸው ሀብታቸውን ስላጡ፣ ቀድሞ በምድጃቸው እያፈሉ ለጎረቤት ይሰጡት የነበረውን የሴቶች መድኃኒት በ1875 መሸጥ ጀመሩ። መድኃኒቱ ከልዩ ልዩ ሥራ ሥርና እኛም ከምናውቀው አብሽ የተቀመመ ሲሆን፣ ከመቶ 18 እጅ ያህል አልኮል ነበረበት።

በየጋዜጣው የወጣው ማስታወቂያ «ዳንኩ» የሚሉ ሴቶችን ደብዳቤ የያዘ ነበር። በተጨማሪም «ለወይዘሮ ፒንክሃም ጻፉ፤ ደብዳቤያችሁን ወንድ አያየውም» ይል ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ሴት ሕመሟን ለወንድ ሐኪም መንገር ታፍር ስለ ነበር፣ የእኅቷን ቃል ከሐኪም ቃል አብልጣ አመነች።

ነገር ግን ወይዘሮዋ በ1883 ሞቱ፤ «ጻፉላቸው» የሚለው ማስታወቂያ ግን አልቆመም። በ1905 ኤድዋርድ ቦክ የተባለው አዘጋጅ የመቃብራቸውን ድንጋይ ፎቶግራፍ በሴቶች መጽሔቱ ላይ አወጣው። ድርጅቱም «ወይዘሮ ፒንክሃም» ያልናቸው የልጃቸው ሚስት ናቸው ሲል መለሰ። በ1906 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ እንዲህ ባለው መድኃኒት ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ አዘዘ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። ከደብዳቤዎቹ ብዙዎቹ እውነተኛ ሴቶች የጻፏቸው ነበሩ። ታዲያ ጥፋቱ ምን ላይ ነው? አንደኛ፣ «ተሻለኝ» ማለት መድኃኒቱ አዳነኝ ማለት አይደለም፤ አልኮል ለጊዜው ያስታግሳል፣ ሕመምም በራሱ ጊዜ ይለቃል። ሁለተኛ፣ ያልተሻላት ሴት ደብዳቤ አይታተምም። ሦስተኛ፣ አንባቢዋ ምስጢሯን ለማን እንደምትነግር አላወቀችም።

የዛሬው የአሜሪካ ሕግ የሚከተለው ይህንኑ ሐሳብ ነው። የንግድ ኮሚሽኑ በ1980 ስለ ምስክርነት መመሪያ አወጣ፤ በ2009 አሻሽሎም «የሁሉም ውጤት እንዲህ ላይሆን ይችላል» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ብቻውን እንደማይበቃ አስታወቀ። በ2024 ያወጣው ደንብ ደግሞ የሐሰት ምስክርነት መሸጥንም መግዛትንም ከለከለ።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ዛሬ ከመካከላችን በቴሌግራም ዕቃ የሚሸጥ አለ፤ ከቤት የተላከለትን ገንዘብ «ደንበኞቻችን የላኩልን ምስጋና» የሚል ጽሑፍ አይቶ የሚከፍልም አለ። ስለዚህ ለመሸጥ የሚነሣ ሰው የደንበኛን ታሪክ ሲጠቀም በፍርድ ቤት የቆመ ምስክር እንዳቀረበ ይቍጠር። ደንበኛው ምን ቸግሮት እንደ መጣ፣ ዕቃውን ለምን ያህል ጊዜ እንደ ተጠቀመበት፣ ምን እንደ ተለወጠለትና ምን እንዳልተለወጠለት በራሱ አንደበት ይናገር። ቃሉን አያሳምሩለት፤ ስሙን ያለ ፈቃዱ አያውጡበት፤ ገንዘብ ወይም ዕቃ ከተሰጠውም ይገለጽ። «ጫማው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ሳምንት እግሬን ላጠኝ» የሚል ደንበኛ ከዐሥር አወዳሾች ይልቅ ይታመናል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደተባለው፣ በሐሰት ምስክር የተሸጠ ዕቃ ለዛሬ ብቻ ይሸጣል። ያ የተታለለው ገዢም ነገ ምስክር ነው።