የእንጦጦ ዝናብ ወዴት ይሄዳል?

እንጦጦ ሸንተረር ላይ የሚወርድ ዝናብ በጥቂት እርምጃ ልዩነት ዕጣው ይለያያል። በደቡብ በኩል ያረፈው አዲስ አበባን አቋርጦ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በሰሜን በኩል ያረፈው የሱሉልታን ሜዳ አልፎ በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል፤ የዚህ መንገድ ወደ ሜዲትራኒያን ነው። የወረደበት ዝናብ ሁሉ ወደ አንድ መውጫ የሚሰበሰብበትን መሬት ተፋሰስ እንለዋለን። ይህን ፍቺ ተማሪ በቃሉ ሊይዘው ይችላል። ድንበሩን ለይቶ ማየት ግን ከባድ ነው፤ በቤትና በአስፋልት መሀል ቆሞ የትኛው መሬት ወደ የትኛው ወንዝ እንደሚያዘነብል ማወቅ አዋቂንም ይቸግራል። ዲጂታል ካርታ ወደ ክፍል መግባት ያለበት ለዚህ ነው።

መነሻው የከፍታ መረጃ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ለ11 ቀናት ምድርን እየዞረች የመሬቱን ከፍታ በራዳር ለካች። መረጃው ለአፍሪካ መጀመሪያ የተለቀቀው በ90 ሜትር ርቀት ተከፋፍሎ ነበር፤ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የ30 ሜትሩ ለማንም በነፃ ክፍት ሆኗል፤ የኢትዮጵያም ተራራና ሸለቆ በውስጡ አለ።

አሠራሩን ልጆች በቀላሉ ይረዱታል። መሬቱ በትናንሽ ካሬዎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ካሬ ከፍታውን የሚናገር አንድ ቁጥር ይይዛል። ኪውጂአይኤስን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም እያንዳንዱን ካሬ በዙሪያው ካሉት 8 ጎረቤቶች ጋር ያነጻጽርና ቁልቁለቱ ወደሚበረታበት ቀስት ያደርጋል። ቀስቶቹ እየተገናኙ ሲሄዱ ጅረት ይወጣል። ከመውጫው ተነስቶ ቀስቶቹን ወደ ኋላ የተከተለ ደግሞ የተፋሰሱን ድንበር ያገኛል። እኔ መምህር ብሆን ኮምፒውተሩን ከመክፈቴ በፊት ይህን በካሬ ወረቀት ላይ፣ 25 ቁጥሮች ጽፌ፣ በእርሳስ አሠራቸዋለሁ። ቀስቱን በእጁ የሣለ ልጅ ፕሮግራሙ ያወጣውን መስመር ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ይመረምረዋል።

ከድንበሩ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይበልጥ ያጓጓል፤ መሬቱ ቢለወጥ ውሃው ምን ይሆናል? በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወንዞችን የሚያጠናው የስትራውድ የውሃ ምርምር ማዕከል «ሞዴል ማይ ወተርሼድ» የተባለ በኢንተርኔት የሚሠራ መሣሪያ ለዚህ አዘጋጅቷል። ተማሪው የትምህርት ቤቱን አካባቢ በካርታው ላይ ይመርጣል፤ የ24 ሰዓት ዝናብ ያዘንብበታል። መሣሪያው የዚያን ዝናብ ስንቱ ጎርፍ ሆኖ እንደወረደ፣ ስንቱ እንደሰረገ፣ ስንቱ ወደ አየር እንደተመለሰ ያሳየዋል። ከስሌቱ ጀርባ አፈርን እንደ ውሃ አሰራረጉ፣ ከአሸዋ እስከ ከባድ ሸክላ፣ በ4 ምድብ የሚከፍለው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ዘዴ አለ። ተማሪው ጫካውን አንስቶ አስፋልት ያለብሰዋል፤ ጎርፉ ይጨምራል። ውሃ የሚያሰርግ ንጣፍ ወይም የአትክልት ቦታ ሲያስገባ መልሶ ይቀንሳል። ሐሳቡን ያቀረበው ራሱ ስለሆነ ውጤቱን እንደ ራሱ ጉዳይ ይከታተለዋል።

መሣሪያው የተሠራው በአሜሪካ የአፈርና የመሬት ሽፋን መረጃ ላይ በመሆኑ ለእንጦጦ አይሠራም። የቀስቱ ሥራ ግን የትም ይሠራል፤ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ደግሞ ይዞት የሚመጣው ሌላ ዕውቀት አለው። በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ቤተሰቡ እርከን ሲሠራ ያየ፣ ድንጋይ ያቀበለ ልጅ፣ ሥራው ከተዳፋቱ አናት ተጀምሮ ወደ ታች ለምን እንደሚወርድ በካርታው ላይ ወዲያው ያየዋል፤ ቀስቶቹ ከላይ ጥቂት ናቸው፣ እየወረዱ ይበዛሉ፣ ታች ሲደርሱ ጎርፉ ጉልበት አግኝቷል።

ካርታው ይሳሳታል፤ ይህም ራሱ ትምህርት ነው። ራዳሩ በጫካ የዛፍ ጫፍን፣ በከተማ የቤት ጣሪያን ከመሬቱ ጋር ደባልቆ ይለካል። 30 ሜትር ካሬ ውስጥ የመንገድ ዳር ቦይ፣ ከአስፋልት ሥር ያለፈ ቱቦ፣ ውሃ የሚያዞር የግቢ አጥር አይታዩም። ስለዚህ ክፍሉ ካርታውን አትሞ ዝናብ እንዳባራ መውጣት አለበት። በየቦዩ ውሃው የሚፈስበትን አቅጣጫ ይመዝግብ፤ ቱቦው የት ገብቶ የት እንደሚወጣ በስልኩ ጂፒኤስ ይያዝ፤ ከፕሮግራሙ መስመር ጋር ያልተስማማውን ቦታ በቀይ ያክብብ። ክፍል ሲመለሱ የመጀመሪያው ሥራ ቀይ በተከበበው ቦታ ሁሉ ውሃውን ማን ወይም ምን እንዳዞረው መጠየቅ ነው።