ጨዋ ማን ነው?

ሽማግሌ ሊላክ ሲታሰብ «የጨዋ ልጅ ናት ወይ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም ይነሳል። ብዙ ጊዜ የሚጣራው የልጅቷ ጠባይ ሳይሆን ዘሯ ነው። ጨዋነት በደም የሚወረስ ይመስለናል።

የቃሉ ታሪክ ይህን እምነት ከሥሩ ይነቅለዋል። የታሪክ ተመራማሪዎች ጨዋን የሚያያይዙት ከግዕዙ «ፄዋ» ጋር ነው፤ ምርኮ፣ ምርኮኛ ማለት ነው። እስራኤላውያን ወደ ባቢሎን መጋዛቸው «ፄዋዌ» የሚባለውም ከዚሁ ነው። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ጭፍሮች ጨዋ ይባሉ ነበር፤ ድል ከተነሱ አገሮች የተማረኩም ነበሩባቸው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) እነዚህን ጭፍሮች በየአውራጃው አሰፈሯቸው። አንደኛው ጭፍራ ጃን አሞራ ይባል ነበር፤ በስሜን ያለ ወረዳ አሁንም በዚህ ስም ይጠራል። እንዲህ እንዲህ እያለ የምርኮኛው ስም የወታደር፣ ከዚያም የባለመሬት መጠሪያ ሆነ። በመጨረሻ «የጨዋ ልጅ» የባሪያ ተቃራኒ ሆኖ አረፈ! አጥንት እየቆጠረ ትዳር የሚያፈርስ ሰው ይህን ቢያውቅልኝ እወዳለሁ።

በቤተ ክህነት አነጋገር ደግሞ ጨዋ ማለት ካህን ያልሆነ ሰው ነው። ፊደል ያልቆጠረም ጨዋ ይባል ነበር፤ በድሮ ጽሑፍ ቃሉን ያገኘ ሁሉ ሙገሳ ነው ብሎ አይቸኩል።

እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ጨዋ ዝምተኛ ነው የሚለው እምነት ነው። ታክሲ ውስጥ አንዲት ልጅ «ወንድሜ፣ መልሴን ረሳኸው» ትላለች። ረዳቱ እንዳልሰማ ያልፋታል። ደግማ ስትጠይቅ «ጨዋ መስለሽኝ ነበር» ይላታል፤ ከኋላ ወንበር አንድ ትልቅ ሰው «ተይው፣ ልጄ፣ ለጥቂት ብር» ብለው ያግዙታል። ገንዘቧን የወሰደው ጨዋ፣ በትሕትና የጠየቀችው ባለጌ ሆነች ማለት ነው። በዚህ መንገድ ስንት ሚስት በደሏን ውጣ ቀረች፣ ስንት ሠራተኛ ደመወዙን ሳይጠይቅ ቀረ!

ጨዋነት የሚለካው በአነጋገርና በአድራጎት ነው፤ ሰውን ባለማዋረድ፣ የሰው ሐቅ ባለመንካት። ደህና ሽማግሌ ባልና ሚስት ሊያስታርቅ ሲቀመጥ ዝም አይልም። ሁለቱንም አዳምጦ ጥፋተኛውን ፊት ለፊት «ልጄ፣ ይሄ ያደረግከው አላማረም፤ ካስ» ይለዋል። እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ግን ጨዋ አይደለም ያለ የለም።